ሞተሩ ሳይታመም ለሕክምናው እንዳይከፈል

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ የተላከው ከአንዲት ነርስ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ከሌሊት ተረኝነት የሚመለሱባት፣ ጧት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱባት አንዲት አነስተኛ የጃፓን መኪና አለቻቸው። ይህች መኪና ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጧት ጧት አልነሣም ማለት ጀመረች። በስንት ትግል ከተነሣችም በኋላ ፋኗ ያለማቋረጥ ይጮኻል። የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራትም በዳሽቦርዱ ላይ በርታ ቀርታለች። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስዷት የተሰጣቸው መልስ፣ «ፋኑ የማያርፈው ሞተሩ ስለሚግል ነው፤ ቴስታታው ወርዶ ጓርኒሲዮኑ መቀየር አለበት» የሚል ሆነ። የተጠየቁት ገንዘብ በዚያው ወር ከደረሳቸው እቁብ ብዙም የሚያንስ አልነበረም። እቁቡ ደግሞ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ነው። «እህቴ፣ እውነት ይሁን ሐሰት በምን ላውቅ እችላለሁ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

ይህ ዓምድ ስለ ሞተር የሚጽፈው አልፎ አልፎ ነው። ይሁን እንጂ ከቤት ባጀት ላይ በአንድ ቀን ይህን ያህል ገንዘብ የሚወስድ ነገር የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ፣ እርሱ የቤት ወጪ ይዞ አያውቅም ማለት ነው። ስለሆነም ለጸሐፊዋ የላክነውን መልስ ሌሎች እናቶችም እንዲያነቡት አስፋፍተን እናቀርበዋለን።

በመጀመሪያ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ መናገር ያስፈልጋል። መካኒኮች ቴምፕሬቸር ሴንሰር ይሏታል፤ እኛ የሙቀት መለኪያ እንበላት። መጠኗ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ግማሽ አካሏ ናስ መሰል ብረት ነው፤ ግማሹ ፕላስቲክ ሆኖ ሽቦ የሚሰካበት ሶኬት አለው። የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ አጠገብ፣ ከሞተሩ የሞቀው ውኃ በሚወጣበት በኩል ነው። ጫፏ ዘወትር ውኃው ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። ሥራዋም አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ ለመኪናው ኮምፒውተር መንገር።

አነጋገሯም እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ይልክላታል። በውስጧ ያለው ነገር ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቃል። ይህ የመያዝ ኃይል በኦም ይለካል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን ከ2300 እስከ 2600 ኦም ገደማ ይሆናል፤ ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ግን ወደ 320 ኦም ገደማ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህን አይቶ ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ፣ ሻማው መቼ ብልጭ እንደሚል፣ ፋኑ መቼ እንደሚነሣ ይወስናል። ሞተር ሲቀዘቅዝ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ከሞቀ በኋላ ጥቂት ይበቃዋል። የሙቀት መለኪያዋ ከተሳሳተች እንግዲህ ጤነኛው ሞተር እንደ በሽተኛ ይሆናል።

ጸሐፊዋ ነርስ ስለሆኑ ነገሩን በሙያቸው ብንነግራቸው ይቀላል። አንድ ሕፃን ብብት ሥር የገባ ቴርሞሜትር 42 ዲግሪ ቢያሳይና ሕፃኑ ግን እየሳቀ ቢጫወት፣ ገላውም ቀዝቃዛ ቢሆን፣ ነርሷ ሕፃኑን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አትወስደውም። ቴርሞሜትሩን ትቀይራለች። ጋራዥ ውስጥ ግን ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ወደ ቀዶ ጥገናው ይገባል።

የመለኪያዋ ስሕተት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ጭራሽ ድምጿ ሲጠፋ ነው። ውስጧ ሲበጠስ ወይም ሶኬቷ ሲላቀቅ ለኮምፒውተሩ ሞተሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ሽቦዎቿ እርስ በርስ ሲነካኩ ደግሞ ከ130 ዲግሪ በላይ የጋለ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቀዝቅዛ ስለማታውቅ ይህን ስሕተት ኮምፒውተሩ ራሱ ይደርስበታል። ቢጫዋን መብራት ያበራና የስሕተት ቁጥር ይመዘግባል። ቁጥሩ ሽቦው የተበጠሰ ሲመስለው ፒ 0118፣ የተነካካ ሲመስለው ፒ 0117 ነው። ከዚያ በኋላ መለኪያዋን ማመን ይተዋል። የቶዮታ ኮምፒውተር ለምሳሌ ሞተሩ 80 ዲግሪ ላይ እንዳለ ቆጥሮ መሥራቱን ይቀጥላል። በብዙ መኪኖችም ሞተሩ ግሎ እንዳይቃጠል ለጥንቃቄ ሲል ፋኑን ሳያቋርጥ ያዞረዋል።

እንግዲህ የደብዳቤውን ምልክቶች መለስ ብለን እንያቸው። ጧት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ሞቋል ብሎ ስለሚያስብ ተጨማሪውን ቤንዚን ይከለክለዋል፤ መኪናዋም አልነሣም ትላለች። ፋኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ቢጫ መብራት በርቷል። ሦስቱም በአንዲት አነስተኛ ዕቃ መበላሸት ሊመጡ የሚችሉ ናቸው። ፋን ስለጮኸ ብቻ ሞተር ግሏል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው መልክ የከፋ ነው፤ መለኪያዋ ዝም ሳትል ስትዋሽ። ሞተሩ 85 ዲግሪ ደርሶ ሳለ እርሷ 40 ነው ትላለች። አኃዙ ሊታመን የሚችል ስለሆነ መብራት ላይበራ ይችላል። ኮምፒውተሩም ቤንዚን ማብዛቱን አያቆምም። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሳምንት ይበቃ የነበረው ቤንዚን ሐሙስ ላይ ያልቃል። በዚህ ዓይነት ስንት ቤተሰብ ለወራት ቤንዚን እያፈሰሰ እንደሚኖር መገመት ያስቸግራል። ባልና ሚስትም «የት ስትዞሪ ነው» «የት ስትዞር ነው» መባባል ይጀምራሉ።

ለጸሐፊዋ የነገርናቸው ገንዘቡን ከመክፈል በፊት ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ ነው። የስሕተቱ ቁጥር ስንት ነው? ጧት ሞተሩ ገና ሳይነሣ ኮምፒውተሩ የውኃውን ሙቀት ስንት ያሳያል? ቴስታታው ለመበላሸቱስ ምን ምልክት ታየ? መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ስላደረች የውኃው ሙቀትና ሞተሩ የሚስበው አየር ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በአዲስ አበባ ጧት ሁለቱም 12 ወይም 15 ዲግሪ ገደማ ቢሆኑ መለኪያዋ ቢያንስ በቀዝቃዛው በኩል እውነተኛ ናት። አየሩ 14 ሆኖ ውኃው ከዜሮ በታች 40 ከተባለ ግን ሐሰተኛው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ይህን የሚያሳየው መሣሪያ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ይሰካል። በስልክ ላይ የሚነበብ ርካሽ ዓይነትም አለ፤ ነገር ግን ለጃፓን ገበያ ከተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ጋር አይግባባም።

ጓርኒሲዮን በእርግጥ ሲበላሽ ምልክቱ ሌላ ነው። ራዲያተሩ የትም ሳያፈስ ውኃው ይጎድላል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሳይቀር፣ ይወጣል። የሞተር ዘይቱ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ማኪያቶ ይመስላል። ራዲያተሩ ውስጥ የአየር አረፋ ይፈላል። ከእነዚህ አንዱም ሳይታይ ቴስታታ ይውረድ ለሚል መካኒክ፣ «እስቲ ለክተው ያሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም። ጥሩ መካኒክ አይቆጣም፤ ደስ ይለዋል።

ጸሐፊዋ መኪናቸውን ወደ ሌላ መካኒክ ወሰዱ። ጧት ሲለካ አኃዙ ከዜሮ በታች 40 ሆነ። መካኒኩ ሶኬቷን ነቅሎ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በአጭር ሽቦ ሲያገናኛቸው አኃዙ ወዲያውኑ ከ130 በላይ ወጣ። ይህ ማለት ከኮምፒውተሩ እስከ ሶኬቱ ያለው መስመር ሁሉ ጤነኛ ነው፤ የሞተችው መለኪያዋ ብቻ ናት ማለት ነው። አኃዙ ባይንቀሳቀስ ኖሮ ደግሞ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ይሆን ነበር። አይጥ የሞተር ሽቦ እንደምትወድ፣ ሶኬት ውስጥም አረንጓዴ ዝገት እንደሚበቅል ማወቅ ጥሩ ነው። አዲሷ መለኪያ ተገዝታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገጠመች። እቁቡም ለታሰበለት ጉዳይ ዋለ።

ስለ መግዛቱ ትንሽ እንጨምር። ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ። የመኪናውን ስም ብቻ መናገር አይበቃም። በአሮጌ መኪኖች ላይ ሁለት መለኪያ ሊኖር ይችላልና፤ ባለ አንድ ሽቦዋ ዳሽቦርድ ላይ ላለው ቀስት ስትሆን፣ ባለ ሁለት ሽቦዋ ለኮምፒውተሩ ናት። አንዷ በሌላዋ ቦታ አትሠራም። ጥርሷን፣ የሶኬቷን ቅርጽና የእግሮቿን ቁጥር ከአሮጌዋ ጋር አስተያይተው ይግዙ።

አዲሷ ደህና መሆኗን ደግሞ ማድ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። የኦም መለኪያ ያለው ቴስተርና የውኃ ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ካለ፣ የመለኪያዋን የብረት ጫፍ በድስት ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ሶኬቷን ከውኃው በላይ አድርጎ፣ እሳቱን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ውኃው እየሞቀ ሲሄድ ኦሙ ሳይዘል፣ ሳይደናቀፍ መውረድ አለበት። ድስቱ ለዚሁ ሥራ የተለየ ይሁን፤ ወጥ የሚሠራበት አይሁን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በብዙ መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የእኛ ድስት የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራችን ለምን እንደሚያስመርረን ከዚህ ይታወቃል። ስለዚህ ውኃው ፈላ ብሎ 100 ዲግሪ ነው ማለትና መለኪያዋን ተሳስታለች ብሎ መጣል አይገባም።

ይኸው ጉዳይ በመኪናው ውስጥም አለ። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፋኑ የሚነሣው ደግሞ በብዙ መኪኖች ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። በእኛ ከተማ ይህ ውኃ ሊፈላ የሚቃረብበት ሙቀት ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው አፍኖ የያዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። የክዳኑ ላስቲክ የደረቀበት ሰው መለኪያም ቢቀይር፣ ቴርሞስታትም ቢቀይር ራዲያተሩ መፍላቱን አይተውም። ክዳኑ ርካሽ ዕቃ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ መሆኑ ይገርማል።

መቀየሩን በተመለከተ፣ በገዛ እጃቸው መሥራት የሚወዱ እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄው ግን ከባድ ነው። ሞተሩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። የጋለ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱ ላይ የሚያርፈው ታፍኖ የነበረ የፈላ ውኃና እንፋሎት ነው፤ ሐኪም ቤቶች ይህን ቃጠሎ በሚገባ ያውቁታል። እጅዎን ራዲያተሩ ላይ አኑረው ሳይወስዱት መቆየት ካልቻሉ ገና ነው ማለት ነው። ማምሻውን አቁሞ ጧት መሥራት ይሻላል። ከዚያ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታል። ሶኬቱ ሽቦውን በመጎተት ሳይሆን ምላሱን በጣት ተጭኖ ነው የሚወጣው፤ ያረጀ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰበራል። ኩላንቱ በሙሉ መፍሰስ የለበትም፤ ጥቂት ከራዲያተሩ ሥር ወደ ንጹሕ ዕቃ አውርዶ፣ አዲሷን በእጅ ይዞ፣ አሮጌዋን ፈትቶ ወዲያው መተካት ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች 19 ቁጥር ረጅም ቡሶላ ይበቃል። የማኅተም ቀለበቷ አዲስ ይሁን። ስትገባ መጀመሪያ በጣት ትጀመር፤ ጥርሷ ካልተጣጣመ አይታገሏት። የምትገባበት አሉሚኒየም ነውና በጉልበት ያጠበቃት ሰው ጥርሱን በልቶት አረፈ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጋራዡ የጠየቀው ቴስታታ የማውረድ ሥራ በእውነት ሊያስፈልግ ነው።

ከተገጠመች በኋላ የጎደለው ኩላንት ይሞላል። ክዳኑ ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ ቀዝቃዛው ሞተር ይነሣል፤ የመኪናው ማሞቂያ ሙቅ ላይ ተደርጎ አረፋው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ውኃው እየጋለ መውጣት ሳይጀምር ክዳኑ ይዘጋል። ፋኑ አንድ ጊዜ ተነሥቶ እስኪያርፍ ድረስ አይሂዱ። በማግሥቱ ጧት ሥሯ እርጥብ አለመሆኑንና ኩላንቱ አለመጉደሉን ማየት ተገቢ ነው። የተመዘገበው የስሕተት ቁጥር ደግሞ በመሣሪያው ይጥፋ።

መለኪያዋ እውነት ተናግራ የምትወቀስበት ጊዜም አለ። ቴርሞስታት ተከፍቶ ሲቀር ሞተሩ በእርግጥ አይሞቅም፤ መለኪያዋም ቀዝቃዛ ነው ትላለች፤ ልክ ናት። ይህን ለማወቅ መኪናው ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ ከፋኑና ከቀበቶው እጅን አርቆ፣ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን የላስቲክ ቱቦ መንካት ነው። ጤነኛ ቴርሞስታት ቱቦውን ለተወሰነ ጊዜ ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆይና በድንገት ያግለዋል። ገና ከመጀመሪያው ቀስ በቀስ ለብ እያለ ከመጣ የሚቀየረው ቴርሞስታቱ ነው።

በየዕለቱ ለምትነዳ እናት ከሁሉ የሚጠቅማት ዳሽቦርዷን ማንበብ ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ አንዳንድ መኪኖች የሙቀት ቀስት የለም። በቀስቱ ፈንታ ጧት የምትበራ ሰማያዊ መብራትና ሲግል የምትበራ ቀይ መብራት አሉ። ሰማያዊዋ ከጥቂት ደቂቃ መንዳት በኋላ መጥፋት አለባት። ግማሽ ሰዓት ተነድቶ ካልጠፋች ወይም ቀዝቃዛ ጧት ጨርሶ ካልበራች ነገር አለ። ቀስት ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የሚያስፈራው ቀስቱ ሲወጣ ብቻ አይደለም። ወጥቶ ወጥቶ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ቢወድቅ እፎይ አይበሉ። ውኃው አልቆ መለኪያዋ ባዶ ላይ ቀርታ ይሆናል፤ በአየርና በእንፋሎት ውስጥ ያለች መለኪያ ሞተሩ እየነደደም ቀዝቃዛ ነው ልትል ትችላለች። ወዲያውኑ ዳር ይዞ ማጥፋት፣ ልጆቹን ከመኪናው አውርዶ ከመንገዱ ማራቅ፣ ከዚያም መጠበቅ ነው። ለትምህርት ቤት አርፍዶ መድረስ ሞተር ከማቃጠል ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ በእጃችን ያሉትን የቤንዚን መኪኖች ለብዙ ዓመት መያዛችን የማይቀር ነው። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ ማድረግ ልማድ ሆኖብናል። ውኃው ግን ዝገትና ዝቃጭ ያመጣል፤ ዝቃጩ የመለኪያዋን ጫፍ እንደ ቡና ጀበና ይሸፍናታል። የተሸፈነች መለኪያ ዘግይታ ነው የምትናገር። ስለሆነም የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ኩላንት መጠቀም ይበጃል።

ኩላንት ግን እቤት ውስጥ የሚቀመጥበት ሁኔታ ያስፈራናል። የብዙው ኩላንት ዋና ክፍል ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ መልኩ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ስለሆነ ለሕፃን ዓይን ከሽሮፕና ከለስላሳ አይለይም። ከመኪናው የወረደውን በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ደረጃ ሥር ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ይህ መቅረት አለበት። ክዳኑ በሚጠብቅ፣ ምንም የሚጠጣ ነገር ገብቶበት በማያውቅ ጀሪካን ይሁን፤ በላዩ ላይ መርዝ ተብሎ ይጻፍበት፤ ይቆለፍበት። መሬት ላይ የፈሰሰውን ውሻም ይልሰዋልና በብዙ ውኃ ታጥቦ ይጽዳ። አንድ ልጅ ጠጥቶ ከሆነ መጀመሪያ እንደሰከረ ይንገዳገዳል፤ ከሰዓታት በኋላ ልቡና ሳንባው፣ ከዚያም ኩላሊቱ ይጎዳል። ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ በግድ ማስመለስም አይገባም። ጠርሙሱን ራሱን ይዞ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል መሮጥና ምን ያህል፣ መቼ እንደጠጣ ለሐኪሙ መንገር ነው። መድኃኒቱ የሚረዳው ቶሎ ሲደረስ ነውና።